አንዴ ጠይቆ ለሚዘጋው የእርዳታ መስኮት

ለተከበሩ የመንገደኞች ደኅንነትና ክብር ማስታወቂያ ማዕከል ዋና አስተባባሪ
አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሐይቁን የሚያሳየው ቢሮ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቤተሰብዎ ደህና ናቸው? የሚሽከረከረው ወንበርዎስ ደህና ነው? ባለፈው ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ አየር ማቀዝቀዣው ጠረጴዛዎ ላይ ያንጠባጥብ ስለነበር፣ ብርድ እንዳይመታዎት ስሰጋ ነው የሰነበትኩት። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ብቻ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ሁሉ በማዕከልዎ ዘንድ ፋይሉ ተዘግቶ መደርደሪያ ላይ እንደሚወጣ ስለማውቅ፣ ይህ ለሰላምታ ያህል የተባለ መሆኑንና በእውነቱ ደህና አለመሆኔን፣ ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይዘጉብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ አክበረት እባላለሁ። ካምፓላ ስኖር አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ማኪንድዬ ዳገቱ ላይ፣ ቦዳ ነጂዎች ሞተራቸውን አስደግፈው ከሚተኙበት ዛፍ አጠገብ ያለችው የሐበሻ ምግብ ቤት የእኔ ናት። ማዕከልዎ የተቋቋመው ተታለውና ተገደው ወደ ሰው አገር የሚወሰዱ ሰዎች እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ እርዳታ መኖሩን እንዲያውቁ ነው፤ እኔም ከሁለት ዓመት ወዲህ የማዕከልዎ የአማርኛ የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። መኮንንዎ ቋንቋ ሲቸግረው ይደውልልኛል፣ እኔም ከማድቤቴ ሆኜ አስተረጉማለሁ። ደመወዝ የለኝም፤ ቲሸርት ግን አለኝ። በሥልጠናው ዕለት ከአንድ ሶዳና ከአንድ ሮሌክስ ጋር ነው የተሰጠኝ፤ ሮሌክሱ በዚህ አገር ወግ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ በመሆኑ በልቼዋለሁ፣ ቲሸርቱ ግን እስካሁን አለ።

ደብዳቤዬን በአማርኛ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። ማዕከልዎ ባሳተመው ባለቀለም ዓመታዊ ሪፖርት ላይ «በአማርኛ የተሟላ አገልግሎት እንሰጣለን» የሚል አንብቤ፣ እንግዲያውስ ደብዳቤዬን የሚያነብ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው። ምናልባት ከጠፋ ግን ይደውሉልኝ፣ መጥቼ አነብልዎታለሁ፤ የተሟላው አገልግሎት እኔው ነኝ።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ ማዕከልዎ ቁጥር እንደሚወድ ከሪፖርቱ ተረድቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው።

ማስታወቂያውን በአማርኛ እንድጽፍልዎት ባዘዙኝ ጊዜ፣ ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁጭ ብዬ፣ ሰርዤ ደልዤ፣ አንዲት ከገጠር የመጣች ልጅ እየተራመደች እንኳ ልታነበው የምትችል አድርጌ ጻፍኩት። «እህቴ፣ ፓስፖርትሽን ሌላ ሰው ይዞብሻል? የምትገቢበትን ቤት አታውቂውም? ልቅር ስትዪ አስፈራርተውሻል? እርዳታ አለ። ነጻ ነው። አትታሰሪም።» ይኸው ነው። «አትታሰሪም» የምትለዋን ቃል ባለሙያዎ ቦታ ትፈጃለች ብለው ሊያወጧት ሲሉ ለምኜ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ እነዚህ ልጆች ከደላላው ይልቅ ፖሊሱን እንደሚፈሩ ስለማውቅ ነው።

ማዕከልዎም ጽሑፉን አሳምሮ አሳተመው፣ ወርቅ በተቀባ ፍሬም ውስጥ አስገባው፣ በመነሻ አዳራሹ ግድግዳ ላይም ሰቀለው። ዘቅዝቆ። አራት ወር ሙሉ «እህቴ» የሚለው ጥሪያችን እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆየ። ይህን የደረሰበት በየነ የሚባል የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚነዳ ደንበኛዬ ነው፤ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ፣ ከወገቡ ተጣሞ ሊያነብ ሲታገል ያየው የጥበቃ ሠራተኛ ሰውዬውን አንዳች ነገር ጣለው ብሎ ሮጦ ወንበር አመጣለት፣ ውሃም አጠጣው። ይህን ሳላመሰግን አላልፍም፦ በዚያ ማስታወቂያ የተነሳ እርዳታ ያገኘ የመጀመሪያው ሐበሻ በየነ ነው።

ጉዳዩን በጽሑፍ ባመለከትኩ በስድስተኛው ሳምንት ማስታወቂያው ተቃና። ለዚህም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚያው ሰሞን ግን አዳራሹን ለማስዋብ አንድ ትልቅ የዘንባባ ተክል ከነማሰሮው መጥቶ ከፊቱ ተተከለ፤ አሁን ከጠቅላላው ጽሑፍ በቅጠሉ መካከል የሚታየው «ነጻ ነው» የሚለው ብቻ ነው። በየነ እንደነገረኝ ባለፈው አንድ የአገሬ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ፣ ነጻ የሆነውን ነገር ፍለጋ ዘንባባውን ሦስት ጊዜ ዞሮታል።

ሁለተኛ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ።

ክቡርነትዎ ያስታውሱ እንደሆን፣ ማስታወቂያው ከአዳራሹ ይልቅ በሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ ቁጭ ሲሉ ከዓይን ትይዩ ቢለጠፍ ብዬ አመልክቼ ነበር። ምክንያቴም ቀላል ነው። እነዚህን ልጆች ይዟቸው የሚመጣው ሰው ከአዳራሽ አዳራሽ፣ ከሰልፍ ሰልፍ እግር በእግር ይከተላቸዋል፤ የማይከተላቸው እዚያ ብቻ ነው። ወንድ መሆኑ አንዴ እንኳ ለእኛ ይጥቀመን ብዬ ነው።

ከማዕከልዎ የተሰጠኝ መልስ እነሆ ቃል በቃል፦ «የማዕከላችንን ዓርማ በመጸዳጃ ቤት መለጠፍ ከተቋሙ ክብር ጋር አብሮ አይሄድም።» እውነትም አላሰብኩበትም! እኔ የማስበው የልጆቹን ነበር፤ የዓርማዎ ክብር ጨርሶ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ዓርማው ይቅርና ጽሑፉ ብቻ ይለጠፍ፣ እንዳይቀደድም ካትዌ ካሉት ብረት ሠራተኞች ዘንድ ሄጄ በቆርቆሮ አስቀርጬ በራሴ ወጪ አመጣለሁ ብዬ ብጽፍ፣ ዓርማ የሌለው ማስታወቂያ ሕጋዊ አይደለም ተባልኩ። ስለዚህ እስከ ዛሬ የመጸዳጃ ቤቱ በር ባዶ ነው፤ የዓርማዎም ክብር እግዚአብሔር ይመስገን አልተነካም።

ሦስተኛ፣ ስለ ነጻ የስልክ መስመሩ።

መስመሩ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የምሳ ሰዓትን፣ ቅዳሜንና እሑድን ሳይጨምር ክፍት ነው። ደላሎች ቅዳሜ እንደማይሠሩ ማን እንደነገረዎት ባውቅ እኔም ያን ሰው ብዙ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። በዚያ ላይ የሚሠራው በዚህ አገር ሲም ካርድ ብቻ ነው፤ እነዚያ ልጆች ደግሞ እንኳን ሲም ካርዱ ስልኩም ተወስዶባቸዋል። ቁጥሩ ግን ቆንጆ ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አራተኛ፣ ስለ ቅጹ።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ፍለጋ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቀልዴ ቢቀንስ ይቅር ይበሉኝ።

ከአራት ወር በፊት፣ ረቡዕ ቀን፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ መኮንንዎ ደወለልኝ። ቤቱ ሞልቷል፤ ጾም ስለሆነ በያይነቱ የሚጠብቀው ሰው እስከ በር ድረስ ቆሟል፤ አንድ እጄ ሽሮ ውስጥ ነው፣ በሌላው እጄ ስልኩን ይዣለሁ። መኮንንዎን ክፉ አልለውም፤ ሥራውን ሠርቷል። ሰባት ልጆች፣ ሁሉም ከኪኩቦ ገበያ በጅምላ የተገዛ አንድ ዓይነት ቢጫ ሻርፕ አድርገው፣ የሁሉም ፓስፖርት አንድ ሰውዬ በያዘው ጥቁር ካቬራ፣ በእኛው ፌስታል ማለቴ ነው፣ ታጭቆ ሲያይ ጠረጠረ። አንዱ ባልደረባው የመዘምራን ቡድን ናቸው ተዋቸው ብሎት ነበር አሉ። ሰባት የወሎ እስላም ልጆች፣ መዘምራን! ቢሆንም እሱ አልተዋቸውም፤ ከመካከላቸው ዓይኗ ያበጠውን አንዷን ለይቶ ወደ እርዳታ መስኮቱ አመጣት፣ ስልኩንም ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ከፈተው። ሁሉም ስል ካቬራ የያዘውም ሰውዬ ጭምር ነው፤ መስኮትዎ የሚገኘው ከመጠበቂያ ወንበሮቹ አጠገብ በመሆኑ ሰውዬው ተቀምጦ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ያዳምጥ ነበር።

ስሟን ጠየቅኳት፣ ኩልሱም አለች። አገሯን ጠየቅኳት፣ ሐርቡ አለች። የምትሄድበትን ስጠይቃት አላወቀችውም። መኮንንዎ የአሠሪዋን ስምና አድራሻ ካቬራው ውስጥ ከነበረው ውል ላይ አውጥቶ እያነበበ ቅጹ ላይ ሲጽፍ በስልኩ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ግን እጄ ሽሮ ውስጥ ነው፣ አልጻፍኩትም። ከዚያ የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ መጣ። «እርዳታ ትፈልጊያለሽ ወይ?» አልኳት።

«አይ፣ ደህና ነኝ፤ አትቸገሩ» አለች።

እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ። መኮንንዎም «አይፈልጉም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገ፣ አመሰገነኝ፣ ዘጋው። እኔም ሽሮዬን ማማሰል ቀጠልኩ።

ክቡርነትዎ የዚህ አገር ሰው ነዎትና ልብ ላይሉት ይችላሉ፤ እኔ ግን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» አይ አይደለም። ሲያቀርቡልን እሺ ብሎ ወዲያው እጅ መዘርጋት ነውር ነው፣ ልጅ ሆነን ተቆንጥጠን የተማርነው ነው። ጠያቂው ይደግማል፣ እኛም «አይ» ን እንደግማለን፤ በሞቴ ይላል፣ እንለሰልሳለን፤ በሦስተኛው አፈር ስሆን ሲባል እሺ እንላለን። አንዴ ጠይቆ የሚተው ሰው ለነገሩ ነው እንጂ ከልቡ አይደለም እንላለን። ያች ልጅ ደግሞ «አትቸገሩ» ብላኛለች! የተቸገረ ሰው ካልሆነ በቀር ማን አትቸገሩ ይላል? ይህን ሰምቼ እንዴት ዝም አልኩ? እርግጥ ነው የማዕከልዎን መመሪያ ፈርሜያለሁ። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም ይላል፤ ጥያቄን መድገም በባለጉዳዩ ፈቃድ ላይ ተጽዕኖ ማድረግ ነው ይላል። ቲሸርቱን የተቀበልኩት ይህንን ፈርሜ ነው። ግን እግዚአብሔር ያሳይዎት፣ አንድ ደንበኛ በቃኝ ቢለኝ አንድ ጭልፋ ጨምሬበት የምሄድ ሴት፣ የሰው ልጅ በቃኝ ስትለኝ ቀጥ ብዬ ተረጎምኩ።

አንድ ነገር ላስታውስዎት። አምና ከእንግዶችዎ ጋር ቤቴ በመጡ ጊዜ፣ ከክትፎው ትንሽ ቀምሰው በቃኝ አሉ። እኔ በሞቴ አልኩ፣ እርስዎም ትንሽ በሉ። ደግመው በቃኝ አሉ፤ አፈር ስሆን አልኩ፣ ደግመው በሉ። በሦስተኛው ሳህኑ ተጠርጎ ነበር፣ ቀበቶዎንም አንድ ቀዳዳ ሲያላሉት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በሪፖርትዎም «ማኅበረሰቡ እንግዳ ተቀባይ ነው» ብለው ጻፉልን። ክቡርነትዎ፣ ለክትፎ ሦስቴ ተጠይቀዋል። ኩልሱም የተጠየቀችው አንዴ ነው።

ይህን ሁሉ በዚያን ሰዓት አሰብኩት ብል ውሸት ነው። ያሰብኩት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ ሁለት ሰዓት አልፎት፣ በየነ አንዲት ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ይዞልኝ ሲመጣ ነው። ፈርሃና ትባላለች፤ ከሰባቱ አንዷ ናት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዷ ጠፍቶ መሳፈር ስትከለከል፣ ካቬራ የያዘው ሰውዬ ፓስፖርቷን እንደያዘ ጥሏት ሄዷል፤ በየነ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ተቀምጣ አግኝቷት ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ከንፈሯ ይናገራል። ብይ አልኳት፤ በልቻለሁ፣ አትቸገሩ አለች። እንደ ልማዴ በሞቴ አልኳት፤ አይ አለች። አፈር ስሆን የኔ ልጅ፣ ትንሽ ብቻ አልኳት፤ በሦስተኛው እጇን ታጠበች። ሁለት ጉርሻ እንደዋጠች ቀና ብላ አየችኝና፣ ስልኩ ላይ የነበሩት እርስዎ ነዎት እንዴ፣ ድምፅዎን አወቅኩት አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ከዚያ የነገረችኝን ለክቡርነትዎ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ በመመሪያዎ መሠረት፣ እተረጉማለሁ። ኩልሱም ከመስኮቱ ተመልሳ ከጎኗ ስትቀመጥ በጆሮዋ እንዲህ አለቻት፦ «የኛ አገር ሴትዮ ናት፤ እዚህ ሰውዬው እየሰማኝ እንዴት ቶሎ እሺ ልበል፣ ደግማ ትጠይቀኛለች፤ ስትደግም እነግራታለሁ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ እያየች ቁጭ አለች። ለመሳፈር እስኪጠሩ ድረስ አንገቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም አለችኝ ፈርሃና። ሲጠሩም ዞር ብላ አይታለች አለችኝ።

ማድቤት ገብቼ ያንን ቲሸርት አወጣሁና ምጣድ ጠረግኩበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም።

በማግስቱ ማልጄ ቢሮዎ መጣሁ። የጠየቅኩት አንዲት ወረቀት ናት። የኩልሱምን አሠሪ ስምና የቤት አድራሻ በዚህ ምድር ላይ ጽፎ ያስቀመጠው ያ ቅጽ ብቻ ነው፤ እናቷ አታውቅም፣ ፈርሃና አታውቅም፣ የሚያውቀው ካቬራ ያዡ ደግሞ ውሉን እንደያዘ ስልኩን ቀይሯል። አድራሻው ቢገኝ አውሮፕላኑ በወሰዳት አገር ያሉ ወገኖቻችን በር የሚያንኳኳ ሰው አግኝተናል ብለውናል፤ የሚያንኳኩት በር ብቻ ነው የጠፋው። ማዕከልዎ ግን እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «ባለጉዳይዋ እርዳታ አልፈልግም በማለቷ ፋይሏ ተዘግቷል። የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው ባለጉዳይዋ ራሷ መስኮታችን ድረስ ቀርባ ስታመለክት ብቻ ነው።»

እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! ተቆልፎባት ካለችበት ቤት ወጥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ቢቻል በሥራ ሰዓት፣ ከምሳ በፊት ትምጣ ማለትዎ ነው። መጥታ ብትቆምልዎት አድራሻዋን ለምን እፈልገዋለሁ? ይህን ጥያቄ ለጸሐፊዎ ባቀርብ፣ ጥያቄው ተመዝግቧል አለችኝ። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመዝግቧል። የእኔ ጥያቄ ሲደገም ተጽዕኖ እንዳላሳደረብዎት ሳይ በጽናትዎ ተደንቄያለሁ።

ሪፖርትዎ ላይ ደግሞ፣ ከፎቶዎ ሥር፣ በደማቅ ቀለም «በመስኮታችን ከተጠየቁት መንገደኞች ዘጠና ስምንት በመቶው እርዳታ እንደማያስፈልጋቸው አረጋግጠዋል» ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት። ከነዚያ መካከል ስንቱ ዞር ብሎ መስኮቱን ሲያይ እንደነበር የሚቆጥር ሳጥን ቅጹ ላይ ስለሌለ፣ ደስታዎን የሚያደፈርስ ነገር የለም።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበሩኝ፤ አንዱ ስለ ሥልጠናው ሶዳ መሞቅ ነበር። ይቅሩ፤ አሁን ሳስበው አሳፈረኝ።

እንግዲህ የምለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ ያችን ወረቀት ይስጡኝ። መስጠት ከተቋሙ ክብር ጋር የማይሄድ ከሆነ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግተዋት ሻይ ለመጠጣት ይውጡ፤ እኔ ቆሜ በቃሌ እይዛታለሁ፣ በዚህ ጊዜ እጄ ሽሮ ውስጥ አይሆንም። ሁለተኛው፣ ለሚቀጥለው ቅጽዎ ከ«አይፈልጉም» ሥር ሁለት ባዶ ሳጥን ያስጨምሩ፤ አንዱ ለሁለተኛው መጠየቅ፣ አንዱ ለሦስተኛው። ሦስተኛው፣ መስኮቱን ካቬራ ያዡ ከማይሰማበት፣ በር ካለው ክፍል ያስገቡት። የሚያስፈልገው በር ነው፤ ዘንባባው ተነቅሎ የሚወጣበትም በር አብሮ ይገኝ ይሆናል።

እስከዚያው የበኩሌን ጀምሬያለሁ። ያንን ጽሑፍ ካትዌ ወስጄ በቆርቆሮ አስቀርጬ፣ በምግብ ቤቴ የሴቶች መጸዳጃ በር ላይ በውስጥ በኩል በሚስማር መትቼዋለሁ፤ ዓርማ የለውም፣ አልተዘቀዘቀም። ከሥሩ የራሴ ስልክ ቁጥር አለ፣ ከዚያ በታች «አይ ብትዪኝም ደግሜ እጠይቅሻለሁ» የሚል አስጨምሬበታለሁ። ደላሎቹ ልጆቹን ከመብረራቸው በፊት ምሳ የሚያበሏቸው እኛው ሐበሾቹ ቤት ነውና፣ እስካሁን ሁለት ልጆች ደውለውልኛል፤ ሁለቱም መጀመሪያ ደህና ነኝ ነው ያሉኝ። ዛሬ አንዷ ወጥ ትሠራልኛለች፣ ጨው ታበዛለች እንጂ ጎበዝ ናት፤ ሌላዋን አገሯ ገብታ እናቷ ተቀብላታለች። ይህ ደብዳቤም ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ እዚያው ቆርቆሮ አጠገብ ይለጠፋል። ክቡርነትዎን በመጸዳጃ ቤት በመጥቀሴ ከክብርዎ ጋር የማይሄድ ሥራ ሠርቼ ከሆነ፣ ሦስቴ «ይቅርታ ጠይቂ» ይበሉኝ፣ በሦስተኛው እጠይቃለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ የማያንጠባጥብ አየር ማቀዝቀዣ፣ እንደዚሁም የሰው ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ይስጥዎት እያልኩ፣

የማዕከልዎ የተሟላ አገልግሎት፣
ቲሸርት ተሸላሚ፣
ከራሷ የማትጨምር የነበረች፣
አክበረት፣ ከማኪንድዬ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስል ለማዕከልዎ መዝገብ የሚሆን መልካም ዜና ደረሰኝ። ከአራት ወር በኋላ ኩልሱም ከአንድ የማይታወቅ ስልክ ለእናቷ አሥራ አንድ ሰከንድ የሚሆን ድምፅ ልካለች፤ እናቷም ለፈርሃና ላከችው፣ ፈርሃናም አሰማችኝ። ድምፅዋን ወዲያው አወቅኩት። ሳልጨምር ሳልቀንስ እንዲህ ይላል፦ «ደህና ነኝ። ምንም አልጎደለብኝም። አትቸገሩ።» ከፋይሏ ጋር ያያይዙት፣ ዘጠና ስምንቱን በመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያደርግልዎት ይሆናል። እኔ ግን አሁን ሁለተኛውን ልጠይቃት ነውና፣ የት ሄጄ እንደምጠይቃት ይንገሩኝ።